ዕዝል ያለው ኪቦርድ

የአሮጌው ኪቦርዳችን አሟሟት ክብር የጎደለው ነበር። እስቴ ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ፣ ሚዜዎቹ ከሙሽራው በላይ ሞቋቸው ሲዘሉ፣ አንደኛው የያዘውን ጠላ ከነጣሳው ቁልፎቹ ላይ ደፋው። መሣሪያው ወዲያው አልሞተም። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ጎረቤቶቹም አብረው መጮህ ጀመሩ፤ አንዴ የጮኸውም ዝም በል ቢሉት አልሰማ አለ። ዘፋኛችን የሙሽራዋን አንገት ሲያሞግስ ኪቦርዱ ከሥሩ እንደ ታመመ በግ ያቃስት ነበር። በማግስቱ ወደ ከተማችን ወደ አርብ ገበያ ስንመለስ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ደረቀ፤ ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም።

የባንዱ ሰዎች አራት ነን። ስሙን መጥራት እንኳ መከራ ነው፤ እኛ «ባንዳችን» ስንል የሙዚቃውን ባንድ ማለታችን ሲሆን፣ ሽማግሌዎች ግን ለጠላት ያደረ ባንዳ እየመሰላቸው ይገላምጡናል። አንዳንዶቹማ ነገሩ ከገባቸው በኋላም ግልምጫውን አልተዉም።

አለቃችን ዘፋኙ ነው። የእናቱን ጠጅ ቤት አንድ አልጋ ጨምሮበት «ሆቴል» ያለ፣ ማይክራፎን ሲይዝ ዓይኑን የሚጨፍን፣ ሲከፍት ደግሞ መጀመሪያ ማን እንዳየው የሚያይ ሰው ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር አስተማሪ ነው፤ ቄስ ከመስቀሉ እንደማይለይ እሱም ከስልኩ አይለይም። መሰንቆ መቺው በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣል፤ «ዝም አይነቅዝም» በሚለው ተረት የሚተዳደር ሰው ነው።

እኔ ከበሮ መቺው ነኝ። እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ገዳም የገባሁት የድጓ ዜማ ልማር ነበር። ድጓው ከበደኝ፤ ከበሮው ግን እጄ ላይ ቀረ፤ ትምህርቱን ሳልጨርስ ወጣሁ። መሬት የለኝም፤ ንግድም አላውቅበትም። በክረምት የሰው ማሳ አርማለሁ፤ በመኸር የሰው አውድማ ላይ እወቃለሁ። ጥር ገብቶ ሠርግ ሲጀመር ግን ሰው እሆናለሁ። ከበሮዬን አንግቼ ዳስ ስገባ መንገድ ይለቀቅልኛል፤ ሴቶቹ ጭብጨባቸውን የሚያነሡት እጄን አይተው ነው፤ በዓመቱ ውስጥ «ና እዚህ ተቀመጥ» የምባለው በዚያ ወቅት ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ኪቦርዱ ግዥ ከዚህ በታች የምለው የገለልተኛ ሰው ምስክርነት አይደለም።

ንፋስ መውጫ ያለ አንድ ነጋዴ በጾመ ነቢያት ሁለት ኪቦርድ ላከልን፤ ሞክሩና ያልፈለጋችሁትን መልሱ ብሎ። በጾም ሠርግ ስለሌለ የባንድ ሥራው ክርክር ብቻ ነው። ሰውየው ጊዜውን በደንብ መርጦታል።

አንደኛው ትንሽ ነው። በባትሪ ይሠራል፤ ሰፊ ማንገቻ አለው፤ ትከሻ ላይ አንግተውት እየዘለሉ መጫወት ይቻላል። ቁልፎቹ እንደ ሕፃን ጥርስ ደቃቃ ስለሆኑ የአስተማሪው ጣት አንዱን ሲፈልግ ሁለቱን ያገኛል። በውስጡ ያለው ከበሮ ተብዬ ደግሞ ባዶ ጣሳ ላይ ባቄላ ሲንጠባጠብ ያህል ነው የሚሰማው። ሁለተኛው ትልቅ ነው። ረጅሙን ሣጥን ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይዞ ከመኪና ሲያወርደው ያዩ የገበያ ሴቶች፣ ማን ሞተ ብለው ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ነበር። ያለ መብራት ወይም ያለ ጀነሬተር አይሠራም። ሆዱ ውስጥ ግን የሌለ የለም፤ ቤዝ አለ፣ ጊታር አለ፣ ዋሽንት አለ፣ መሰንቆ አለ። ከበሮም አለ።

አለቃችን ለትንሹ አደላ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማንገቻውን አጥልቆ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን አይቶ ነበር። ኪቦርድ መጫወት አለመቻሉን የጠቀሰለት የለም። በአደባባይ የተናገረው ምክንያት ግን የስማዳ መንገድ ነው። ወገዳ ድረስ አይሱዙ ይወስደናል፤ ለጥር የተዋዋልነው ሠርግ ያለው ግን ከወገዳ ወዲያ ገደል ተወርዶ ነው፤ ያን ሣጥን ማን ይሸከመዋል አለ። አስተማሪው ለትልቁ ቆመ። ከንግግሩ ግማሹ «ስታይል» የሚል ቃል ነበር። ስታይል ማለት አንዷን ቁልፍ ሲጫኑ ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ጊታሩም በራሳቸው ተነሥተው የሚከተሉበት ነገር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሙሉ ባንድ ይሆናል። ይህን ሲያስረዳን ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ሌሎቻችን እዚያ መቀመጣችንን ረስቶት ነው።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እነሱ በሁለት ኪቦርዶች መካከል የሚመርጡ መስሏቸዋል፤ የሚመርጡት በትልቁ ኪቦርድና በእኔ መካከል ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ ትንሹ ኪቦርድ በጎነት እንደ እኔ የተናገረ በጋይንት ምድር የለም። ባትሪ ምን ያህል የተባረከ ነገር እንደሆነ አስረዳሁ። ገደሉን አነሣሁ፤ ዝናብ አነሣሁ፤ በጥር ዝናብ የለም ሲሉኝ አቧራ አነሣሁ። ደቃቃ ቁልፍ ጣት ያሠለጥናል እስከ ማለት ደርሻለሁ። አለቃችን ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ መሰንቆ መቺው እንደ ልማዱ ዝም አለ። ትንሹ ሊመረጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

በሚቀጥለው አርብ፣ ገበያው ሲሞላ፣ የኔታ መጡ። የኔታ ቤተ ልሔም ድጓ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ለጧፍ የሚሆን ሰም ሊገዙ ወጥተው ነው፤ ከሆቴሉ ጓሮ ልምምዳችንን ሰምተው በበሩ ብቅ አሉ። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ከድጓ ቤት ወጥቼ ዳስ መግባቴን ከሰሙ ቆይተዋል፤ ገሥጸውኝም አያውቁ፣ ረስተውልኝም አያውቁ። የዚያን ዕለት ግን ዓይናቸው የሄደው አለቃችን አንግቶት ወደ ቆመው ትንሹ ኪቦርድ ነው።

«ይኸ ነው የገዛችሁት?» ብለው ጠየቁ።

«ገና እያማረጥን ነው የኔታ» አለ አለቃችን ጀርባውን አቅንቶ።

«ዕዝል አለው?»

አለቃችን ማንገቻውን ከትከሻው ነቀል አድርጎ አሳያቸው። «አለው የኔታ። ይኸውልዎ፣ ሰፊ ነው። ቀን ሙሉ ቢያዝሉት ትከሻ አይቆርጥም።»

የኔታ ፊታቸው አልተለወጠም። «ግዕዝስ?»

«ግዕዝ እንኳ የለውም። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ብቻ ነው።»

«አራራይስ?»

አለቃችን ጥቂት አሰበ። «እሱን ነጋዴውን ጠይቀን እናስገባበታለን።»

ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚዜምባቸው ሦስቱ ስልቶች ናቸው። የቤተ ልሔም ውሻ እንኳ በየትኛው እየተዜመ እንደሆነ ለይቶ ነው የሚተኛው። አለቃችንም ተማሪ ቤት ሳለ ለፈተና ሸምድዷቸው እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ግን ማንገቻ ታጥቆ የቆመ ሰው ዕዝል የሚል ቃል ሲሰማ ከማዘል በቀር ሌላ ምን ይታሰበው? የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ይሁን ልጀ፤ አራራዩን ስታስገቡበት ጥሩኝ» ብለው ወደ ሰም ግዥያቸው ሄዱ።

እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ስጨርስ ለመሰንቆ መቺው እንደ አዲስ ነገርሁት፤ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ከዚያ ገበያ ወጥቼ ለጨው ነጋዴው ነገርሁ፤ ለልብስ ሰፊው ነገርሁ። ገበያተኛው አህያውን ጭኖ ሳይመለስ ወሬው ገበያውን ዞረ። ሸክሙ ያጋደለ አህያ ሲያልፍ ጎረምሶቹ ባለቤቱን «ዕዝል አለው ወይ?» ይሉት ጀመር። አለቃችን ሆቴሉ ደጃፍ ሆኖ ይህን ይሰማል፤ ሰውነቱ ደጁ ላይ ነው እንጂ ልቡ መሬት ገብቷል።

በማግስቱ ማንገቻው ተፈትቶ ጥግ ተጥሏል። አስተማሪው ጊዜ አላባከነም። በትልቁ ኪቦርድ እያንዳንዱን ድምፅ በጥቂቱ ዝቅና ከፍ ማድረግ ይቻላል አለ፤ እንኳን አንቺሆየና ባቲ፣ ዕዝሉም አራራዩም ይወጣዋል አለ። መውጣቱን የፈተነ የለም። ሊያሳየን ጀምሮ አንዱን ድምፅ ዝቅ ሲያደርግ መብራት ሄደ፤ ሲመለስም መሣሪያው ሁሉን ረስቶ ነበር። አለቃችን ግን የሚፈልገው ኪቦርድ አልነበረም፤ ለየኔታ የሚመልሰው መልስ ነበር። «ትልቁ ይሁን፤ በጥራት አንደራደርም» አለ። ገደሉስ ብዬ ብጠይቅ፣ ገደል ለሰው ተብሎ የተሠራ ነው የሚል የመሰለ መልስ ሰጠኝ። ትናንት መኪና የማያስወርደው የስማዳ ቁልቁለት አንድ ሌሊት አድሮ ሜዳ ሆነ። እኔም ሳቄን አግኝቼ ትንሹን ኪቦርድ አጣሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥሁም። የትልቁ ኪቦርድ ከበሮ ከትንሹ ቢሻልም የእኛ አልነበረም። «ባህላዊ» ተብሎ የተጫነበት ምት አዲስ አበባ የሆነ ክፍል ውስጥ፣ ጭቃ ረግጦ በማያውቅ ሰው የተመታ ነው። በእኛ አገር ግራ እጅ ጥቂት ይዘገያል፤ እግሩን ከጭቃ እንደሚነቅል ሰው። ጨፋሪው ትከሻውን የሚሰብቀው በዚያች መዘግየት ውስጥ ነው። መሣሪያው ይህን ከየት ይወቀው? ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔም በየልምምዱ እሱን መሳደብ ሥራዬ አደረግሁት። ይህ ከበሮ ነው ወይስ የልብስ ስፌት መኪና አልሁ። በዚህ የጨፈረ ወገቡ ይቀጫል አልሁ። ሙሽራ በዚህ ምት ከቤቷ ብትወጣ መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀይራ ትመለሳለች አልሁ። አንድ ቀን እንዲህ ስል አስተማሪው ዞር ብሎ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «እንግዲያው አሳየው» አለኝ።

«ማንን?»

«መሣሪያውን። ድምፅ ይቀበላል።»

ማይክራፎን አቀረበልኝ፤ ከበሮዬን አነገትሁና አሳየሁት። መጀመሪያ ቀኙን ብቻ፣ ቀጥሎ ግራውን ብቻ፤ በመዳፍ፣ በጣት ጫፍ፤ ቀስ ብሎ፣ ሞቅ ሲል፣ ሙሽራ ስትወጣ፣ ሙሽራ ስትገባ። አስተማሪው የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ይቀርጻል፤ ከዚያ አቀናብሮ ያሰማኛል። ግራው ፈጠነ እለዋለሁ፤ ያስተካክላል። አሁንም ፈጠነ እለዋለሁ፤ ያስተካክላል። የኔታ እኛን ዜማ ሲያርሙን እንዲሁ ነበሩ፤ አንዲት ምልክት ከተዛነፈች ከሥር ያስጀምሩናል። እኔም ከሰዓቱን በሙሉ መሣሪያ ሳርም ዋልሁ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ሰው አዳምጦኝ አያውቅም። እንዲህ የሚታዘዝ ተማሪ የኔታም አላገኙም፤ እኔማ አልነበርሁም።

ቀጥሎ አስተማሪው ወደ መሰንቆ መቺው ዞረ። እሱ ማይክራፎኑን አየ፣ መሣሪያውን አየ፣ እኔን አየ። «ጭራው ላልቷል» አለና መሰንቆውን ጠቅልሎ ወጣ። ጭራው በሚቀጥለውም ልምምድ ላልቶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ላልቶ ነበር፤ አስተማሪው ሰልችቶት እስኪተወው ድረስ ላልቶ ቆየ። ሰውየው እስከ ዛሬ ድረስ በባንዱ ውስጥ አለ።

ጥር ገባ። የመጀመሪያው ሠርግ ያ ከወገዳ ወዲያ ያለው የስማዳ ሠርግ ነበር። ልንሄድ ስንል አለቃችን ጠራኝና ጠጅ አስቀዳልኝ። ጠጁን ሳይ ደነገጥሁ፤ በነፃ ቀድቶልኝ አያውቅም። የአይሱዙው ጋቢና ጠባብ ነው አለ። ኪቦርዱን ከኋላ ከጀነሬተሩና ከሞንታርቦው ጋር ብንጭነው ይጎዳል አለ። ስለዚህ አንተ በምትቀመጥበት እናስቀምጠዋለን፤ አንተም ይኸን አንድ ሠርግ እረፍ አለኝ። የሚቀጥለውንስ ብዬ ብጠይቀው እሱንም እረፍ አለ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው ነገሩ። ሰው ካልሞተ በቀር ይህን ያህል እረፍ አይባልም።

«ከበሮውን ማን ሊመታ ነው?» አልሁት።

«አንተው ነህ እንጂ» አለ፣ የሚያጽናናኝ መስሎት። «ውስጡ አለህ እኮ።»

አልጮኽሁም። ተናደድሁ ብል ያንሳል፤ አፈርሁ። በሌላ ከበሮ መቺ ተተክቼ ቢሆን ቀኙ ደካማ ነው፣ ግራው ሰነፍ ነው ብዬ አማው ነበር። እኔን በእኔ ሲተኩኝ ግን ማንን ልማ? ጠጁን ጠጥቼ ወጣሁ፤ ለነገሩ ጥሩ ጠጅ ነበር።

የሙሽራዋ እናት አክስቴ ናት። ስለዚህ በባንድነት ባልሄድ በዘመድነት ሄድሁ። ከበሮዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጋቢዬን ለበስሁ። ኪቦርዱ ቁልቁለቱን የወረደው በሰው ሸክም ነው፤ ተሸካሚዎቹ ባረፉበት ሁሉ የአገሩ ሰው ወጥቶ እንደ ባለሥልጣን ሲቀበለው እኔ ከኋላ በእግሬ እከተል ነበር። አለቃችን አንድ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ ደኅና ነህ ወይ አለኝ፤ ደኅና ነኝ፣ ሣጥኑን እንዳትጥሉት ብቻ አልሁት። እንዲጥሉት ስመኝ ልቤ ሊወጣ ደርሶ ነበር። አልጣሉትም።

ዳሱ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁና ጀነሬተሩ እንዲጠፋ መመኘት ጀመርሁ። ባልተፈለገ ሰዓት የማይጠፋ ጀነሬተር በአገራችን አላውቅም። ያን ዕለት ግን እንደ ሁነኛ በሬ ያለ ዕረፍት ሲያርስ ዋለ። ሞንታርቦው ተከፈተ። አለቃችን ዓይኑን ጨፈነ። አስተማሪው አንዷን ቁልፍ ተጫነ፤ ከበሮው ተነሣ።

እኔ ነበርሁ። ቀኙ የእኔ፣ ግራው የእኔ፣ ያች መዘግየት ያለ ምንም ስሕተት የእኔ። እጆቼ ጋቢዬ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከዳሱ ማዶ ደግሞ ይመታሉ። ሴቶቹ ጭብጨባቸውን አነሡበት። ጎረምሶቹ ትከሻቸውን ሰበቁበት፤ ልክ በሚሰበቅበት ቦታ። ከበሮ መቺው የት አለ ብሎ ዞር ያለ አንድም ሰው የለም። ጣቶቼ ሳላዛቸው ጉልበቴ ላይ ሊከተሉት ሲነሡ ያዝኋቸው። መሣሪያው አይደክመው፣ አያልበው፣ በመካከሉ ጠላ አምጡልኝ አይል። ጥሩ መታ፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ከሙሽራው ወገን የመጡ ናቸው፤ አያውቁኝም፣ አላውቃቸውም። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ራሳቸውን ከምቱ ጋር ሲወዘውዙ ቆዩ። ሲያበቃ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይኸን ከበሮ የሚመታውን ልጅ እጁን ይባርክለት። እንዲህ ያለ ምት ከሰማሁ ዘመን አለፈኝ።»

ሽማግሌ ከመረቀ አንድ ሰው አሜን ማለት አለበት፤ ምርቃት ሜዳ ላይ አይጣልም። አስተማሪው የጆሮ ማዳመጫውን እንዳደረገ ነው፤ አልሰማም። አለቃችን ሰምቷል፤ እኔን ላለማየት ማይክራፎኑን ይጠራርግ ገባ። መሰንቆ መቺው አየኝና ጭራውን ያጠብቅ ጀመር። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልሁ።

አዛውንቱ በደከመ ዓይናቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንተ ደሞ ምን ቤት ነህ?» አሉኝ። «እኔ የመረቅሁት ከበሮ መቺውን ነው።»